ከአዊ ባዛልት ሥር፦ የምዕራብ ኢትዮጵያ ጥንታዊ ጥልቅ አለቶች አፈጣጠርና ኬሚካዊ ጠባይ

በእንጅባራና በአካባቢዋ ድንጋይ ሲባል በአብዛኛው ጥቁር ድንጋይ ማለት ነው። የቤት መሠረት የሚጣልበት፣ የግቢ አጥር የሚካብበት፣ ለመንገድ ጠጠር የሚፈጨው፣ በየጓዳው የሚገኘው የእጅ ወፍጮና መጁ ጭምር የሚወጡት ከዚሁ ከአንዱ አለት፣ ከባዛልት ነው። ቀዩ አፈርም ቢሆን የዚሁ አለት ብስባሽ ነው። በዚህ ምድር ላይ ያደገ ተማሪ በሳይንስ ትምህርቱ ስለ ግራናይት ሲማር ኳርትዝ፣ ፌልድስፓርና ማይካ የሚገኙበት፣ ቅንጣቱ ጎላ ያለና መልኩ ነጣ ያለ አለት መሆኑን በቃሉ ያጠናል፤ ነገሩን ግን በባንክ ቤት ወለል ላይ ተወልውሎ ካላየው በቀር አያውቀውም። መምህሩም ምሳሌ ሲሻ ወደ አንዲስ ተራሮች ወይም ወደ ካሊፎርኒያ ይሻገራል።

ይህን ያህል ርቆ መሄድ አያስፈልግም። ከእንጅባራ ተነሥቶ በቻግኒ በኩል ወደ መተከል ቆላ፣ ከዚያም ወደ ጉባ የሚወርደው መንገድ የሚያበቃው ባዛልቱ ተቆርጦ፣ በሥሩ ተሸፍኖ የኖረው ጥንታዊ አለት በተገለጠበት ምድር ነው። በዚያ የሚታዩት ግራናይቶችና ዘመዶቻቸው የተፈጠሩት ዛሬ በአንዲስ ሥር በመከናወን ላይ ባለው ዐይነት ሂደት ነው። ልዩነቱ የዕድሜ ነው፤ የእኛዎቹ ከ850 እስከ 540 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ ያላቸው ሲሆኑ፣ ያፈራቸው ውቅያኖስ ከጠፋ ቆይቷል። ውቅያኖሱ ከጠፋ፣ ተራሮቹም ከተሸረሸሩ፣ ይህ ሁሉ መሆኑ በምን ይታወቃል? መልሱ የሚገኘው በአብዛኛው በአለቶቹ ኬሚካዊ ይዘት ውስጥ ነው።

ላዩ፣ ታቹና የጎደለው መካከል

የአዊን ደጋ የሸፈነው እሳተ-ወለድ አለት በተለያየ ዘመን የፈሰሰ ነው። ታላቁ ፍሳሽ የወጣው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ሲሆን፣ አብዛኛው ክፍል አንድ ሚሊዮን ዓመት በሚያህል፣ በምድር ታሪክ እጅግ አጭር በሆነ ጊዜ ውስጥ ተደራርቦ የሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያን አምባ ሠርቷል። ከዚያ በኋላ፣ ከሁለት ሚሊዮን ዓመት ወዲህ ባለው ዘመን፣ ከጣና ሐይቅ በስተ ደቡብ ሌላ አነስተኛ ፍሳሽ ወጣ። ከእንጅባራ በዳንግላ አድርጎ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ የሚታዩት ትናንሽ ክብ ኮረብታዎች፣ ለግንባታ ቀይ አሽ የሚወጣባቸው፣ የዚህ የኋለኛው ዘመን ቅሪቶች ናቸው። የዘንገናና የጥርባ ሐይቆችም የተኙት ቅልጥ አለት ከከርሰ ምድር ውሃ ጋር ተገናኝቶ በፈነዳበት ጕድጓድ ውስጥ ነው።

ይህ የኋለኛው ላቫ ከጥልቅ የመጣ እንግዳ ይዞ ወጥቷል። በእንጅባራ አካባቢ ባለው ባዛልት ውስጥ አልፎ አልፎ አረንጓዴ ቅንጣት የበዛባቸው፣ ከከበባቸው ጥቁር አለት ጋር ፈጽሞ የማይመሳሰሉ ድንጋዮች ተሰንቅረው ይገኛሉ። እነዚህ ፔሪዶታይት የሚባሉት ሲሆኑ፣ ከምድር ቅርፊት በታች ካለው ከማንትል ተቦጭቀው በቅልጥ አለት ተሸክመው የመጡ ናቸው። አረንጓዴው ማዕድን ኦሊቪን ነው፤ የከበረ ድንጋይ መስሏቸው የሚሰበስቡት ሰዎች መኖራቸው አያስደንቅም። ሲሞና ፌራንዶ፣ ማሪያ ሉቼ ፍሬዞቲና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2008 እና በ2010 ባሳተሟቸው ጥናቶች እነዚሁኑ የእንጅባራ ድንጋዮች መርምረው፣ በማዕድኖቹ ውስጥ ክሎሪን የበዛበት የውሃና የካርቦን ዳይኦክሳይድ ፈሳሽ በጥቃቅን አረፋ መልክ ተዘግቶ መኖሩን አስረድተዋል። በዓለም የጂኦሎጂ ጽሑፎች ውስጥ የእንጅባራ ስም የሚነሣው ከሁሉ በላይ በእነዚህ ድንጋዮች ነው፤ በከተማዋ ትምህርት ቤቶች ግን የሚያውቃቸው ጥቂት ነው።

እንግዲህ የእንጅባራ መምህር ከቤቱ ሳይርቅ የላዩን ባዛልትና የታቹን ማንትል በእጁ ሊይዝ ይችላል ማለት ነው። የጎደለው መካከሉ ነው፤ ይኸውም ወደ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ውፍረት ያለው የአህጉሩ ቅርፊት ነው። ይህን መካከል በአዊ ወንዞች ዳር መፈለግ ከንቱ ድካም ነው፤ ወንዝ የሚያወርደው ከበላዩ ካለው ሥፍራ ብቻ ስለ ሆነ፣ በአዊ ደጋ በየወንዙ የሚገኘው ዱባ ድንጋይ ሁሉ ባዛልትና የእሳተ ገሞራ ዘመዶቹ ናቸው። መካከሉን ለማየት መውረድ ያስፈልጋል።

እንጅባራ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስትገኝ፣ ቻግኒ ወደ 1,600 ሜትር ገደማ ዝቅ ትላለች፤ በጉባ ያለው የዓባይ ሸለቆ ወለል ደግሞ ግድቡ ከመሠራቱ በፊት ወደ 500 ሜትር ይጠጋ ነበር። በ1933 ዓ.ም. የጌዴዎን ጦር የተባለው፣ በእንግሊዛዊው ዊንጌት የተመራው ኃይል ከበላያ ተራራ ተነሥቶ ወደ እንጅባራ በወጣ ጊዜ ግመሎቹን ያደከመው ዳገት፣ በጂኦሎጂ ዐይን ሲታይ፣ ከጥንታዊው አለት ወደ ባዛልቱ መወጣጫ ነው። በደጀንና በጎሃ ጽዮን መካከል ባለው የዓባይ በረሃ በሁለቱ አለቶች መካከል የአሸዋ ድንጋይ፣ ጂፕሰምና የኖራ ድንጋይ በወፍራም ተደራርበው ይታያሉ፤ ወደ ምዕራብ በተሄደ መጠን ግን ይህ ደለል-ወለድ ንብብር እየሳሳ ሄዶ በብዙ ሥፍራ ባዛልቱ በቀጥታ በጥንታዊው መሠረት ላይ ያርፋል። የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ፣ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የመሠረት ድንጋዩ ተጥሎ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው፣ የቆመው በዚሁ በጥንታዊው መሠረት ላይ ነው።

ጥልቅ አለት ምን ማለት ነው?

ቅልጥ አለት ከምድር ገጽ ላይ ፈስሶ ሲቀዘቅዝ የሚሰጠው አለትና በጥልቀት ታምቆ ሲረጋ የሚሰጠው አለት በይዘት አንድ ሊሆኑ ይችላሉ፤ በመልክ ግን አይገናኙም። በገጽ ላይ የወጣው ቶሎ ስለሚቀዘቅዝ ማዕድኖቹ ለማደግ ጊዜ አያገኙም፤ ቅንጣታቸው በዐይን የማይለይ ይሆናል። በጥልቀት፣ ለምሳሌ በ10 ኪሎ ሜትር፣ ታምቆ የቀረው ግን ከላዩ ያለው አለት እንደ ብርድ ልብስ ሙቀቱን ስለሚይዝለት ለመርጋት እጅግ ረጅም ዘመን ይፈጅበታል፤ በዚህም ጊዜ ማዕድኖቹ የስንዴ ቅንጣት ወይም የባቄላ ፍሬ እስኪያክሉ ያድጋሉ። ፕሉቶናዊ ወይም ጥልቅ አለት የሚባለው ይህ ነው። መምህሩ ይህን በጨው ሊያሳይ ይችላል። ሁለት ብርጭቆ የጨው ውሃ አዘጋጅቶ አንዱን በፍጥነት ቢያፈላው ደቃቅ ዱቄት ሲቀርለት፣ ሌላውን በጥላ ሥር ለሁለትና ለሦስት ሳምንት ቢተወው ባለ አራት ማዕዘን ክሪስታሎች ያገኛል። ይህ በትነት እንጂ በቅዝቃዜ የሚሆን ስለ ሆነ ምሳሌው ፍጹም አይደለም፤ የጊዜን ሚና ለማስረዳት ግን ይበቃል።

የጥልቅ አለት ቤተሰብ ከጠቆረው ወደ ነጣው ሲሰለፍ ጋብሮ፣ ዲዮራይት፣ ቶናላይት፣ ግራኖዲዮራይትና ግራናይት ተብሎ ይጠራል። በዚህ ሰልፍ ሲሊካ እየበዛ፣ ብረትና ማግኒዥየም እያነሰ ይሄዳል፤ የባዛልት አቻ በሆነው በጋብሮ ውስጥ ሲሊካ ከመቶ 50 ገደማ ሲሆን፣ በግራናይት ከመቶ 70 ይደርሳል፤ ያልፋልም። የነጋዴው ቋንቋ ከዚህ ይለያል። በገበያ «ጥቁር ግራናይት» የሚባለው የወለል ንጣፍ በሳይንሱ ብዙ ጊዜ ጋብሮ ነው፤ ከቤኒሻንጉል ጉሙዝ የሚወጣው የዳለቲ እብነ በረድ ደግሞ ከጥልቅ አለት ወገን ጭራሹን አይደለም፣ በሙቀትና በግፊት የተለወጠ የኖራ ድንጋይ ነው። ተማሪው ይህን መለየት የሚችለው ማዕድኖቹን ካወቀ ብቻ ነው፤ መልስና ጥያቄ በማጥናት አይደለም።

ጥልቅ የሆነው ሁሉ ጥንታዊ ነው ማለትም ስሕተት ነው። የአክሱም ሐውልቶች የተጠረቡበት ኔፌሊን ሳይናይት የጎላ ቅንጣት ያለው አለት ሲሆን፣ ከመተከል ግራናይቶች ጋር ሲነጻጸር ግን የቅርብ ዘመን ነው።

የአህጉር ጠርዝና የጠፋው ውቅያኖስ

የምድር ቅርፊትና ከሥሩ ያለው ጠጣር የማንትል ክፍል በአንድነት በታላላቅ ሰሌዳዎች የተከፋፈሉ ናቸው። የውቅያኖስ ወለል የሆነው ሰሌዳ ከአህጉር ወይም ከሌላ የውቅያኖስ ሰሌዳ ጋር ሲጋጭ፣ ከባዱ ወደ ሥር ይሰምጣል። የሰመጠው ወለል ለብዙ ሚሊዮን ዓመታት በባሕር ውስጥ ስለ ኖረ በማዕድኖቹ ውስጥ ውሃ አለው። ወደ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ጥልቀት ሲደርስ ግፊትና ሙቀት ውሃውን ያስለቅቁታል፤ ውሃውም ከበላይ ወዳለው ማንትል ይወጣል። ደረቅ ማንትል በዚያ ጥልቀት ለመቅለጥ 1,500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ይፈልጋል፤ ውሃ በብዛት ሲገባው ግን ወደ 1,000 ዲግሪ ገደማ መቅለጥ ይጀምራል። ስለዚህ በአህጉር ጠርዝ ቅልጥ አለት የሚፈጠረው እሳት ስለ ተጨመረ ሳይሆን ውሃ ስለ ተጨመረ ነው። ይህ ለብዙ ተማሪ እንግዳ ነገር ስለ ሆነ መምህሩ ሊቆይበት ይገባል።

ማንትሉ ሲቀልጥም ሁሉ አይቀልጥም። የማር እንጀራ ለብ ባለ ሥፍራ ሲቀመጥ ማሩ አስቀድሞ ይወርዳል፣ ሰሙ ይቀራል፤ የወረደው ከቀረው ጋር አንድ አይደለም። አለትም እንዲሁ በከፊል ሲቀልጥ፣ ቀላጩ ከተረፈው ይልቅ በሲሊካ የበለጸገ ይሆናል። ከማንትል የወጣው ቅልጥ ጥቁር፣ ባዛልታዊ ነው፤ ወደ ላይ ሲወጣ ቅርፊቱ ሥር ተጠራቅሞ፣ ከፊሉ እየረጋ፣ ከፊሉ ቅርፊቱን ራሱን እያቀለጠ፣ በየደረጃው ወደ ቶናላይትና ወደ ግራናይት ይለወጣል። ጥቂቱ በእሳተ ገሞራ መልክ ሲወጣ የሚበዛው በመንገድ ይቀራል። የፔሩ የባሕር ዳርቻ ግራናይቶች በመቶዎች ኪሎ ሜትር ተዘርግተው የሚታዩት፣ ከላያቸው የነበሩት እሳተ ገሞራዎች ተሸርሽረው ሥራቸው ስለ ተገለጠ ነው።

አሁን ወደ አገራችን ስንመለስ፣ ከ850 ሚሊዮን ዓመት በፊት ኢትዮጵያ የምትባለው ምድር እንደ ዛሬው አንድ ወጥ የብስ አልነበረችም። ሊቃውንቱ የሞዛምቢክ ውቅያኖስ ብለው የሰየሙት ባሕር ተዘርግቶ ነበር፤ በውስጡም እንደ ዛሬዎቹ የጃፓንና የኢንዶኔዥያ ደሴቶች ያሉ የእሳተ ገሞራ ደሴቶች ሰንሰለት ነበሩበት። ውቅያኖሱ በሰመጠ ቍጥር ደሴቶቹ እርስ በርሳቸው፣ ኋላም ከምዕራብና ከምሥራቅ ከነበሩት አሮጌ አህጉራት ጋር እየተጣበቁ፣ በመጨረሻ ከ650 እስከ 550 ሚሊዮን ዓመት በፊት ባለው ጊዜ ገደማ ባሕሩ ፈጽሞ ተዘጋ፤ ጎንድዋና የተባለው ታላቅ አህጉርም ተፈጠረ። ከዐረቢያና ከግብፅ አንሥቶ በሱዳን፣ በኤርትራ፣ በትግራይና በምዕራብ ኢትዮጵያ የሚዘረጋው ጥንታዊ አለት የዚህ መጣበቅ ውጤት ነው። ከዚያ ወዲያ ተራሮቹ ተሸርሽረው ሜዳ ሆኑ፤ በሜዳውም ላይ የአሸዋ ድንጋዩ፣ ከዚያም ባዛልቱ ተነጠፈ። ኋላ አምባው ከፍ ብሎ ዓባይና ገባሮቹ ሲቈርጡት የተሸፈነው እንደገና ተገለጠ።

የኬሚስትሪው ምስክርነት

ከላይ የተጻፈው ትረካ ብቻ ቢሆን ኖሮ ለማመንም ለመካድም እኩል በተመቸ ነበር። ማስረጃው ግን በአለቶቹ ውስጥ ተጽፎ ይገኛል። አጥኚው በመጀመሪያ አለቱን እስከ 0.03 ሚሊ ሜትር ድረስ አሳስቶ በማይክሮስኮፕ ይመለከተዋል፤ በዚህ ውፍረት አብዛኛው ማዕድን ብርሃን ያሳልፋል። በቶናላይትና በግራኖዲዮራይት ውስጥ ጥቁሩ ዘንግ መሳይ ማዕድን ሆርንብሌንድ ነው፤ ሆርንብሌንድ በመዋቅሩ ውስጥ ውሃ ያለበት በመሆኑ ቅልጡ እርጥብ እንደ ነበር ይናገራል። የያዘው የአሉሚኒየም መጠን ደግሞ በጥልቀት ስለሚጨምር፣ አለቱ ስንት ኪሎ ሜትር ወርዶ እንደ ረጋ ለመገመት ያገለግላል።

ቀጥሎ በብዛት ሳይሆን በጥቂት የሚገኙት ንጥረ ነገሮች ይመረመራሉ፤ ከሚሊዮን እጅ ጥቂት ብቻ ቢሆኑም፣ ምስክርነታቸው ከብዙዎቹ ይልቅ የታመነ ነው። ከሰመጠው ወለል የሚወጣው ውሃ ባሪየምን፣ ፖታሲየምን፣ ሩቢዲየምንና ስትሮንሺየምን በቀላሉ አሟሙቶ ይዞ ይሄዳል። ኒዮቢየምንና ታንታለምን ግን ውሃ አይሸከማቸውም፤ ሩታይል በተባለ የቲታኒየም ማዕድን ተይዘው በሰመጠው ወለል ውስጥ ይቀራሉ። ስለዚህ በአህጉር ጠርዝ ወይም በደሴት ሰንሰለት ሥር የተወለደ አለት የመጀመሪያዎቹ በዝተውበት የኋለኞቹ ጐድለውበት ይገኛል። ይህ የኒዮቢየም ጕድለት የሰመጠ ውቅያኖስ ማኅተም ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ ነገር ግን ቅልጡ አሮጌ ቅርፊት በብዛት ቢውጥ ይኸው ማኅተም በውርስ ሊመጣ ስለሚችል፣ አጥኚዎች በእርሱ ብቻ አይፈርዱም። ፒርስና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1984 ያቀረቡት፣ ግራናይቶችን በኒዮቢየም፣ በይትሪየምና በሩቢዲየም መጠን የሚመድበው ሠንጠረዥ እስካሁን በየጥናቱ የሚጠቀሰው በዚህ መሠረት ላይ ነው።

ሌላው ጥያቄ የቅልጡ ምንጭ ምን ነበር የሚለው ነው። ቻፔልና ዋይት የተባሉ በአውስትራሊያ የሠሩ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1974 ግራናይቶችን በምንጫቸው ለይተው፣ እሳተ-ወለድ አለት ቀልጦ የሰጣቸውንና ደለል-ወለድ አለት ቀልጦ የሰጣቸውን በሁለት ወገን መድበዋል። የኋለኞቹ ከጭቃ የመጡ በመሆናቸው አሉሚኒየም ይበዛባቸዋል፤ ነጭ ማይካም ብዙ ጊዜ ይታይባቸዋል። በወለጋ ግራናይቶች ላይ በተደረጉ ጥናቶች ሁለት ዐይነት ማይካ ያላቸውም፣ ሆርንብሌንድ ያላቸውም ተመዝግበዋል። ይህም የአካባቢው ታሪክ በአንድ ቃል የሚያልቅ አለመሆኑን ያሳያል።

ከሁሉም በላይ የሚያስተምረው ግን የአይሶቶፕ ጥናት ነው። ዚርኮን የተባለው ጥቃቅን ማዕድን ሲፈጠር ዩራኒየምን ወደ መዋቅሩ ሲያስገባ እርሳስን አያስገባም። ስለዚህ ዛሬ በውስጡ የሚገኘው እርሳስ ከዩራኒየም መለወጥ የመጣ ነው። ዩራኒየም 238 በግማሽ ለመቀነስ 4,470 ሚሊዮን ዓመት ሲፈጅበት፣ ዩራኒየም 235 ደግሞ 704 ሚሊዮን ዓመት ይፈጅበታል፤ በአንድ ቅንጣት ውስጥ ሁለት ሰዓት እንደ ማለት ነው፤ ሁለቱ ከተስማሙ ዕድሜው ታወቀ። በወለጋ ግራናይቶች ላይ በዚህ ዘዴ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመው ጥናት ከ815 ሚሊዮን ዓመት ገደማ የሚጀምርና እስከ 620ዎቹ የሚዘልቅ፣ በየጊዜው እየበረደ የሚያገረሽ የቅልጥ አለት መውጣት እንደ ነበር አሳይቷል። የመጀመሪያዎቹ አለቶች በኋላ ግጭት ስለ ደረሰባቸው ማዕድኖቻቸው ተጋድመውና ተሰልፈው ይታያሉ፤ የመጨረሻዎቹ ግን ግጭቱ ካበቃ በኋላ የገቡ በመሆናቸው ሳይጨፈለቁ እንደ ረጉ ቀርተዋል። ተማሪ በእጁ የያዘው ድንጋይ መስመር ያለው ወይም የሌለው መሆኑን ብቻ አይቶ ከግጭቱ በፊትና በኋላ የመጡትን በግምት ሊለይ ይችላል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንድረስ። የመተከልና የወለጋ ቅርፊት የአሮጌ አህጉር ቁራጭ ነው ወይስ በዚያን ዘመን ከማንትል አዲስ የወጣ? ሩቢዲየም 87 ቀስ በቀስ ወደ ስትሮንሺየም 87 ይለወጣል። በአህጉር ቅርፊት ውስጥ ሩቢዲየም ብዙ ስለ ሆነ፣ አሮጌ ቅርፊት ቀልጦ የሚሰጠው ግራናይት ሲወለድ ጀምሮ ስትሮንሺየም 87 ለ86 ያለው ንጽጽር ከፍተኛ ነው፤ 0.710 እና ከዚያ በላይ ይሆናል። ከማንትል የመጣ ከሆነ ግን ዝቅተኛ ይሆናል። በዐረቢያና በኑቢያ ጥንታዊ አለቶች ብዙ ጊዜ የሚገኘው ንጽጽር ከ0.702 እስከ 0.704 ነው። ብሌድስና ሌሎች ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2015 ባሳተሙት፣ በምዕራብ ኢትዮጵያ ዚርኮኖች የሃፍኒየም አይሶቶፕ ላይ በተመሠረተው ጥናትም የተገኘው ውጤት ወደዚሁ ያመለክታል። በምሥራቅ ኢትዮጵያ በሐረር በኩል ግን ነገሩ ይለያል፤ በዚያ ባሉ ግራናይቶች ውስጥ ከአንድ ቢሊዮን ዓመት በላይ ዕድሜ ያላቸው፣ ከአሮጌ ቅርፊት የተወረሱ ዚርኮኖች ይገኛሉ። እንግዲህ በመማሪያ መጻሕፍት «መሠረታዊ አለት» ተብሎ በአንድ ቀለም የሚሣለው የኢትዮጵያ ወለል አንድ አይደለም። የምዕራቡ ክፍል በአብዛኛው በዚያው በውቅያኖሱ ዘመን ተሠርቶ የተጣበቀ ነው፤ የምሥራቁ ቀድሞ የነበረ አህጉር የገባበት ነው። ስሙን ብቻ የሚያጠና ተማሪ ይህን ታላቅ ልዩነት ሳያውቀው ይቀራል።

ሁሉም ነገር ተወስኗል ማለት አይደለም። በምዕራብ ወለጋ የሚገኘው፣ በፕላቲኒየሙ የታወቀው የዩብዶ ጥቁር አለት ለረጅም ጊዜ ሲያከራክር ኖሯል። አንዳንዶች ውቅያኖሱ ሲዘጋ በሁለት የብስ መካከል ተቈንጥጦ የቀረ የባሕር ወለል ነው ይላሉ፤ ሌሎች ደግሞ የፕላቲኒየሙን ዐይነትና የማዕድኖቹን አደራደር አይተው የደሴት እሳተ ገሞራ ሥር ነው ይላሉ። ክርክሩ የስም ብቻ አይደለም፤ የመጀመሪያው እውነት ከሆነ ውቅያኖሱ የተዘጋበት መስመር በዩብዶ በኩል ያልፋል፤ የሁለተኛው እውነት ከሆነ ደግሞ መስመሩን በሌላ ሥፍራ መፈለግ ያስፈልጋል። ማዕድን ፈላጊውም ከዚህ ይጠቀማል። በዚያው በምዕራብ ወለጋ የቱሉ ካፒ ወርቅ የሚገኘው በሳይናይት፣ ማለትም በጥልቅ አለት ውስጥ ስለ ሆነ፣ የአለቱን አመጣጥ ማወቅ ወርቁን ከየት መፈለግ እንደሚገባ ያመለክታል።

በክፍል ውስጥ

የአገሪቱ ጂኦሎጂ በ1:2,000,000 መጠን በካርታ የወጣ ሲሆን፣ ካዝሚን እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ያዘጋጀውን ተከትሎ መንገሻ ተፈራና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1996 ሁለተኛውን እትም አዘጋጅተዋል። መምህሩ ይህን ካርታ ካገኘ ከእንጅባራ ወደ ጉባ አንድ መስመር አስምሮ ቀለሞቹ የሚለዋወጡበትን ሥፍራ ተማሪዎቹ እንዲያነቡ ማድረግ ይችላል። ከቃል ትምህርት ይልቅ ይህ አንድ መስመር ብዙ ያስጨብጣል።

ኬሚስትሪውም ከተማሪው ሕይወት የራቀ አይደለም። ባዛልት ካልሲየምና ማግኒዥየም የበዛበት አለት ነው፤ ከዚህ የተነሣ አፈሩ ለም ሊሆን ይገባዋል ተብሎ ይታሰባል። የአዊ ገበሬ ግን በአፈር አሲዳማነት ተቸግሮ በማሳው ላይ ኖራ ይበትናል። ምክንያቱ የክረምቱ ከባድ ዝናብ ለብዙ ሺህ ዓመታት ካልሲየሙንና ማግኒዥየሙን እያጠበ፣ ብረትንና አሉሚኒየምን ማስቀረቱ ነው። ውሃ የሚሸከመውና የማይሸከመው መለየታቸው፣ በ100 ኪሎ ሜትር ጥልቀት ኒዮቢየምን ከባሪየም የሚለየው ሕግ፣ በገበሬው ማሳ ላይም እየሠራ ነው። ይህን ንጽጽር የሚያቀርብ መምህር ሁለቱንም ትምህርቶች በአንድ ጊዜ ያስጨብጣል።

ወደ መተከል የሚደረግ የትምህርት ጉዞ ከሁሉ የተሻለ ነበር። በመተከል ዞን ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ በተለያየ ጊዜ የደረሰው ግጭት ግን ተማሪ ይዞ መውረድን አስቸጋሪ ስላደረገው፣ ለጊዜው የሚሻለው የናሙና ሣጥን ማዘጋጀት ነው። ሣጥኑ ብዙ አያስፈልገውም፤ ከእንጅባራ ባዛልትና አረንጓዴ ቅንጣት ያለበት ፔሪዶታይት፣ ከቀይ አሽ ጕድጓድ አንድ፣ ከቆላ በሚመጡ ሰዎች እጅ መስመር ያለውና መስመር የሌለው ግራናይት፣ ከተገኘም ጋብሮ ይበቃሉ። እያንዳንዱ ድንጋይ አንድ ጎኑ በመዶሻ ተሰብሮ አዲስ ፊቱ እንዲታይ መደረግ አለበት፤ ዝናብና ፀሐይ የበላው ፊት ግራናይቱን ከአሸዋ ድንጋይ ጋር ያመሳስለዋልና። ቁጥር በቀለም ተጽፎበት፣ የተገኘበት ቀበሌ፣ ቀኑ፣ ከመሬቱ ጋር ተያይዞ የነበረ ወይም ተንከባልሎ የተገኘ መሆኑ በመዝገብ ይያዝ። ሥፍራው ያልታወቀ ድንጋይ ወደ ሣጥኑ አይግባ።